ከእኛ መኪና የወጣ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ፍሥሐ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ልጅዎና የልጅ ልጆችዎ ደህና ናቸው? የዱራሜ አየር ተስማማዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሀውላ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ አልፎኛል፤ ምላሷማ ድሮም አልፎኝ ነበር።

ደብዳቤዎ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ በደህና ደርሶኛል። በቴሌግራም ብጽፍልዎት ልጆቹ ቀድመው እንደሚያነቡት ስላሉኝ እኔም ወረቀት ገዛሁ። ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ደብዳቤ መጻፍ አላውቅበትም፤ እንደ ልጅዎ አድርገው ይዩልኝ። ደውዬ ባወራዎት ደስ ባለኝ፤ ግን ጆሮዎ አምና ጨርሶ እምቢ ካለ ወዲህ ብጮህ የሚሰማኝ ጎረቤት ነው።

«ልጅቷ እንዴት ናት?» ብለው የጠየቁኝ ስለ መኪናዋ መሆኑ ገብቶኛል፤ የሀውላ ተራ የመጣው ከገጹ ግርጌ ነው። አልተቀየምኩም። ስታርሌቷ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በየቀኑ ትሠራለች። ጠዋት ሀውላን ትምህርት ቤት አድርሼ መገናኛ ወርጄ ሱቄን እከፍታለሁ፤ ማታ የፈረንሳይን ዳገት ሁለታችንንም ይዛ ትወጣለች። የእርስዎ ጋራዥ የነበረበት ቦታ አሁን የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ አበባ ተተክሎበታል። ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ራሱ ነዳጁን ይለቃል፤ ገብታ የምትታይ ይመስለዋል።

አሁን ግን ድምፅ አምጥታለች። እርስዎ ስለማይሰሙት በቃል ልሥራልዎት። ጠዋት ስትነሳ ከፊት፣ ከቺንጋው በኩል፣ ደረቅ ሽንብራ በቆርቆሮ ላይ እንደሚንከባለል ያለ ነው። ስትሞቅ ይቀንሳል። ከቆመችበትም ሥር ትንሽ ውሃ ትታ ትሄዳለች።

ጠሀ፣ የሙአዊያ ወንድም፣ «ሽጠሽ ኤሌክትሪክ ግዢ» ሲል ይውላል። የጎረቤት ጎረምሶች ደግሞ ቸርኬዋን ለውጠው፣ ዝቅ አድርገው፣ ማርሚታዋን የሚያጓራ ሊያደርጉላት ይፈልጋሉ። እኔ ሙአዊያ ትቷት እንደሄደ ነው የያዝኳት፤ ሙስባሃው እንኳ ከመስታወቱ አልወረደም። ነሐሴ ላይ ሦስት ዓመት ሞላው። እንዴት እንደሞተ እርስዎም ያውቃሉ፣ አላነሳውም። እሷን ስነዳ ግን አሁንም የእሱ ሚስት ነኝ።

መገናኛ ዲንሳ የሚባል መካኒክ አለ፣ ጥሩ ነው ይሉታል። ለእሱ ላሳያት ነው። ካርቶኑንም ይዤለት እሄዳለሁ። እንደሚያውቁት የሾፌር ልጅ ነኝ፤ አባቴ የወጣውን ዕቃ በዓይኑ ሳያይ ከጋራዥ አይወጣም ነበር። ሙአዊያንም ይኼንኑ አስለመድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርስዎ ዘንድ ሲመለስ አሮጌውን ዕቃ ይዞልኝ ይመጣል፣ ፕላስተር ለጥፎ «ከእኛ መኪና የወጣ» ብሎ ቀኑን ይጽፍበታል። ሁሉም በካርቶኑ ውስጥ አልጋ ሥር አለ። ዲንሳ ምን ምን እንደተቀየረ ካየ ሥራው ይቀልለታል ብዬ ነው።

አክባሪዎ ሰዓዲያ


ዱራሜ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሰዓዲያ፣

ሰላምታዬ ከመኪናዋ በፊት ላንቺና ለሀውላ ይድረስ። ባለፈው ቅደም ተከተሉን ማዛባቴን ስትነግሪኝ አፈርኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የልጅ ልጆቼ ፊቴ ላይ እየቆሙ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ያወሩኛል፤ ጎበዞች ናቸው።

ሽንብራው የውሃ ፓምፕ ኩሺኔታ ነው። ውሃውም ከዚያው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ሲላላ ፓምፑን በጣትሽ ወዝውዢው፤ ከተንቀሳቀሰ አልቋል። ቅጂ እንዳይገጥምልሽ። ከዱባይ የመጣ፣ የሠራ ኦርጅናል ከአዲስ ቅጂ ይሻላል። ራዲያተሩን የቧንቧ ውሃ አታጠጪው። ዘይቷን ሳይጠቁር ቀይሪ። ጎረምሶቹን ተያቸው፤ የሠራት ሰው ከእነሱ በላይ አስቦባታል። እንደተሠራች ብትተዪያት ሀውላንም ታገለግላለች።

ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርገሽ አትልቀቂያት። ቤንዚን ተወደደ ብለው ከእንጦጦ እስከ ታች ማርሽ አውጥተው የሚለቁ አሉ። በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ይያዝሽ። ፍሬን ሁልጊዜ ይኖራል ብለሽ አትመኚ።

ካርቶኑን ግን ተዪው። ለዲንሳ ማሳየት አያስፈልግም። መካኒክ የሌላውን መካኒክ ሥራ ሲያይ ነገር መፈለጉ አይቀርም፣ ልብሽን ያደክመዋል። ያረጀ ብረት አልጋ ሥር ምን ያደርግልሻል? ቆራሌው ሲያልፍ ስጪው። እንደሰጠሽው ጻፊልኝ።

ፍሥሐ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ፍሥሐ፣

ሰላምታዬን አላስረዝምም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዲንሳ ጋ ከሄድኩ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ካርቶኑን አይቶታል።

ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ቆየና «እትዬ፣ ይቺ መኪና ከተሠራች ጀምሮ የውሃ ፓምፗ ወልቆ አያውቅም» አለኝ። ቡሎኑ ላይ ፋብሪካው የቀባው ምልክት እንዳለ አሳየኝ። «ተሳስተሃል፣ ሦስቴ ተቀይሯል» ብዬ ካርቶኑን ዘረገፍኩለት። ሦስቱን ፓምፖች መሬት ላይ ደረደራቸው።

«ይሄ የሚኒባስ ነው። ይሄ የፒክአፕ ነው። ይሄማ የናፍጣ ነው፣ የእርስዎ መኪና ደግሞ ቤንዚን ናት። እትዬ፣ ማን ነው የሸወደዎት?»

ዳይናሞው የእኛ አይደለም። የፍሪሲዮኑ ሸራ ከእኛ መኪና በእጥፍ ይሰፋል። ካንዴላዎቹ ብቻ የእኛ ሊሆኑ ይችላሉ አለኝ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። ሁሉም ላይ የሙአዊያ ጽሑፍ አለ፦ ከእኛ መኪና የወጣ፣ ከእኛ መኪና የወጣ፣ ከእኛ መኪና የወጣ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ እዚያው ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ዲንሳ ውሃ አመጣልኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ይሄ ተበላሽቶባታል» እያለ ወጣ። እኔም ዓመት በዓሉን፣ ሠርጉን፣ የሀውላን በሽታ ሳይቀር ለዚች መኪና ስተውለት ኖርኩ። መኪናዋ ግን ምንም አልሆነችም ነበር። ታዲያ ባሌ የት ነበር?

አንድም ቀን ያላነሳሁትን ዛሬ ላንሳው። የሞተውም ቅዳሜ ነው። የሞተው በእኛ መኪና አይደለም፤ ጀናን የምትባል ሴት ቀይ መኪና ውስጥ ነው፣ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ። ወንድና ሴት እንጦጦ ለምን እንደሚወጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በለቅሶው ሁለተኛ ቀን መጣች። ሙሉ ሰፈር እየገባ እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አንቺ አትገቢም» አልኳት። አንዲት ቃል ሳትናገር ተመለሰች፣ ዝምታዋንም እንደ መልስ ቆጠርኩት። ጠሀ ፊት ለፊትዎ ቆሞ ሙአዊያ የሴትዮዋን መኪና ለምን እንደያዘ ሲጠይቅዎት «አላውቅም» ብለው አቀረቀሩ። የትራፊኩን ወረቀት ጠሀ ሰጥቶኛል፤ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። የምፈራው ነገር ተጽፎ እንዳላየው ብዬ ነው።

ሌላ ቤት ከነበረው ይንገሩኝ። አግብቷት ከነበረም ይንገሩኝ። ካርቶኑን ለቆራሌው ስጪው ያሉኝ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው።

ሰዓዲያ


ዱራሜ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሰዓዲያ፣

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ቀደድኩ።

ዕቃዎቹ ከሌላ ሰው መኪኖች የወጡ ናቸው። ከእኔው ጋራዥ ነው የሚያነሳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ነበር፣ ሥራ ያግዘኝ ነበር። ከዚህ ሌላ የምልሽ የለኝም። ባልሽ ደግ ሰው ነበር። ሴትዮዋን ተያት፣ ያለፈ ነገር ነው።

ስለ ፓምፑ፦ ዲንሳ ሲገጥም ማሸጊያውን አዲስ ያድርገው፣ ቡሎኖቹንም በእኩል ያጥብቅ፤ አንዱን ቀድሞ ከጨረሰ ይጣመማል። ካንዴላዎቹንም እግረ መንገዱን አውጥቶ ቀለማቸውን ይይ። ቡናማ ከሆኑ ጤነኛ ናት።

ሀውላን ሳሚልኝ።

ፍሥሐ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ፍሥሐ፣

ስለ ባሌ ጠየቅኩዎት፣ ስለ ካንዴላ ጻፉልኝ።

ሥራ ያግዘኝ ነበር ይላሉ። ሙአዊያ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ቡሎን ከፈታ መልሶ መግጠም አይሆንለትም። ምን ሊያግዝዎት? ሐሰት ሲናገሩ እንኳ ትንሽ ቢያስቡበት ምን ነበረበት?

እኔና ጠሀ ስንነጋገር ሀውላ ሰማች። እራት አልበላ ብላ ቆይታ «አባዬ ሌላ ቤት ነበረው?» አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የአባቷን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ፊቱን ወደ ታች አስቀመጠችው። ምን ልበላት? እኔ ራሴ የማላውቀውን ምን ብዬ ልንገራት?

መኪናዋን ልሸጣት ነው። ጠሀ መሪ ሰፈር የሚኖር ገዢ አምጥቷል፤ እሑድ ኅዳር 14 መጥቶ ይወስዳታል። ቀለሟ ራሱ የመጀመሪያው ነው ሲባል ገዢው በደስታ ሊያብድ ነው። ሙስባሃውን ዛሬ አወረድኩት። በየቀኑ ያጠብኳት፣ ዘይቷን የለካሁላት፣ ማንም እንዳይነካብኝ የተጣላሁላት እሱን አክብሬ ነው። እሱ ካላከበረኝ እሷን ምን አደርጋታለሁ? ዳገቱ ላይ ስነዳት አሁን ወንበሩ ይኮሰኩሰኛል።

ከዚያ በፊት እውነቱን ከጻፉልኝ አነበዋለሁ። ካልጻፉም ሌላ ደብዳቤ አይላኩብኝ።

ሰዓዲያ


ዱራሜ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰዓዲያ፣

ባልሽ ሌላ ቤት አልነበረውም። ሌላ ሴትም አልነበረችውም። ይኼን በመጀመሪያው መስመር ያስቀመጥኩት ቀሪውን ሳታነቢ ወረቀቱን ብትቀጅው እንኳ እንዲቀርሽ ነው። ለሀውላም አሁኑኑ ንገሪያት።

ጆሮዬ እምቢ ያለው አምና አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ጨርሶ ጠፍቷል። በሽታውን መደበቅ የጀመርኩት ከዚያ በፊት ነው። መካኒክ የሚኖረው በጆሮው ነው፤ «ፍሥሐ ደነቆረ» ከተባለ ማን መኪናውን ያመጣልኛል? ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ስጨፍን ደንበኛው ይደነቃል። እኔ ምንም አልሰማም። በእጄ ብቻ ነበር የምሠራው፣ የሰውንም ከንፈር አነባለሁ። የቀረውን በግምት።

ያወቀብኝ ሙአዊያ ነው። አንድ ቅዳሜ የእናንተን መኪና አመጣ። ቺንጋዋ ትጮህ ነበር አሉ፤ እኔ «ምንም የለባትም፣ ውሰዳት» አልኩት። ቆሞ ፊቴን አየ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ጻፈልኝ። አለቀስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋት መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ እሱ ነበር። የከበዱትን መኪኖች ለቅዳሜ እቀጥራለሁ። እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ አጎነብሳለሁ፣ እሱ እንደሚያወራኝ ሰው ከኋላዬ ይቆማል። ትከሻዬን አንዴ ከነካኝ ኩሺኔታ ነው። ሁለቴ ከነካኝ ቫልቭ ነው። መዳፉን ካሳረፈብኝ ደህና ነው፣ ዝጋው ማለት ነው። አንድም ደንበኛ አላወቀብንም። «ለሚስትህ ምን ትላታለህ?» ስለው ሳቀና «አሮጌ ዕቃ ካሳየኋት አትጠይቅም» ብሎ ጻፈልኝ። ቅዳሜ ማታ ከወዳደቀው ብረት አንዱን አንስቶ ፕላስተር ይለጥፍበታል። እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ስለ ነሐሴ 14። ጀናን የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፣ ከዚያ ቀን በፊት ሙአዊያን በስሙ እንኳ አታውቀውም። መኪናዋ ስትወርድ ከፊት ታንቋቋለች አለች። የፊቱን ፍሬን ፈታሁት፣ ሸራውን አየሁት፣ መልሼ ገጠምኩ። የግራውን የፍሬን ቱቦ በጣቴ አስገብቼ በቁልፍ ሳላጠብቀው ሌላ ደንበኛ በእጁ ጠራኝ። ከዚያ የጨረስኩት መሰለኝ። ሙአዊያ ድምፁን ቁልቁለት ላይ ሊሰማልኝ መሪውን ያዘ። ጀናን ከጎኑ ተቀመጠች። ዝናብ ነበር። መስኮቱን በትንሹ ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረኝ። በዝናቡ ከንፈሩ አልታየኝም፤ እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅኩ። ደግሞ ተናገረኝ። ደግሞ ነቀነቅኩ። ከዚያ ጀናን ከመኪናው ወረደች፣ ለምን እንደወረደች አላውቅም። እሱ ብቻውን ሄደ።

ማጥበቂያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሳየው ነው ያስታወስኩት። በዚያ ዳገት በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ለቅሶው ላይ «አላውቅም» ያልኩት ጋራዤን ፈርቼ አይደለም፣ አንቺን ፈርቼ ነው። ሰው ስለ ጀናንና ስለ እሱ ሲያወራ ከንፈሩን አነብ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አነበብኩ፣ ዝምም አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ፍሬን አልፈታሁም። ያንቺንም ዘይት ቀይሬ፣ ጠርጌ፣ በእጄ ዳብሼ እመልሳት ነበር እንጂ አንድ ቡሎን አልነካሁባትም። ዲንሳ እንደተሠራች ያገኛት ለዚህ ነው።

ይቅርታ በይልኝ አልልሽም፣ አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በመስኮቱ ያለኝን ጀናን ሰምታዋለች። ምን እንዳለኝ ሳላውቅ ከሦስት ዓመት በላይ ኖርኩ፤ በየቀኑ ሌላ ሌላ ነገር ሲለኝ አየዋለሁ። ካገኘሻት ጠይቂልኝ።

መኪናዋን አትሽጪያት። እሷ ምንም አልዋሸችሽም።

ፍሥሐ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ፍሥሐ፣

ጤናዎን የማልጠይቅዎት ረስቼ አይደለም።

ደብዳቤዎ ዓርብ ዕለት ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ። ደንበኛ ጨርቅ እያስለካች ነበር፤ መቀሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ማታ የመጀመሪያዋን መስመር ለሀውላ አነበብኩላት። ፎቶውን መልሳ ሰቀለችው፣ ከዚያ ግን «ታዲያ አባዬን ምን ገደለው?» አለችኝ። ቀሪውን አላነበብኩላትም። እሑድ ገዢው ሲመጣ በሩን አልከፈትኩም፤ ጠሀ እስካሁን አኩርፎኛል። ከአንድ ወር በላይ ብዕር እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩ። መኪናዋ ውስጥ ቁጭ እላለሁ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ከዚያ እወርዳለሁ።

የትራፊኩን ወረቀት ከፈትኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ «ጥገና ላይ የነበረች ተሽከርካሪ» ይላል። ይኼው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ልብስ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ብከፍተው ኖሮ ጀናንን አስገባት ነበር፣ ባሌንም ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ አልሰድበውም ነበር። እኔም የራሴ አለብኝ።

ጀናንን አገኘኋት። መሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። በሩን ስትከፍት ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ልመታት የመጣሁ መሰላት። «ያኔ በሬ ላይ ያልኩሽን ልመልስ ነው የመጣሁት» አልኳት። ይዛኝ ገባች። ያኔ የመጣችው ልትነግረኝ ነበር፣ እኔ የመለስኳት መኪናዋ ባሌን ስለገደለችው መስሏት ዳግመኛ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ መኪና አልያዘችም። የጠየቁኝን ጠየቅኳት። ያለችኝን ሳልቀንስ ሳልጨምር እጽፋለሁ።

«ድምፁን እኔም ላሰማው ብዬ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ‹ጋሽ ፍሥሐ፣ የፊቱን በቁልፍ አጥብቀውታል?› አላቸው። ነቀነቁ። ደግሞ ጠየቃቸው። ነቀነቁ። ትኩር ብሎ አያቸውና ወደ እኔ ዞረ። ‹እህቴ፣ አንቺ ውረጂ፣ ዝናብ ነው፤ እዚህ ጠብቂኝ› አለኝ። በዝናብ ውረጂ ሲለኝ ገርሞኝ ወረድኩ። ቀስ ብሎ ወጣ።»

ራስዎን መነቅነቅዎ መልስ አለመሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወርዶ በእጁ ማየት ይችል ነበር። «ጋሽ ፍሥሐ አይሰሙም፣ ድጋሚ ይታይ» ማለት ይችል ነበር። ደንበኛ ፊት ሊያሳፍርዎት አልፈለገም። ይሉኝታ ይዞት ሴቲቱን አወረደና ራሱ ሄደ። እርስዎ በይሉኝታ ጆሮዎን ደበቁ፣ እሱ በይሉኝታ እርስዎን ደበቀ፣ እኔ በይሉኝታ ወረቀት ሳልከፍት ኖርኩ፣ ጀናንም በይሉኝታ አፏን ዘጋች።

እኔ በቃኝ። ስለዚህ በግልጽ ልጻፍ። ይቅር አላልኩዎትም። ነገ እልዎት እንደሆነም አላውቅም። ጆሮዎን ስላጡ አይደለም፤ የሞተ ባሌን ስም ሰፈሩ ሲያነሳና ሲጥል ከንፈር እያነበቡ ዝም ስላሉ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ ቅዳሜዎቹን መልሰው ሰጡኝ። የት እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ካርቶኑን ለቆራሌው አልሰጠሁም፣ ዳግም አልጋ ሥር ገብቷል።

ለሀውላም ለጠሀም ቀሪውን አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም። እርስዎ ነዎት የሚነግሯቸው፣ ፊት ለፊት። ጠሀ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ ቁጡ ነው፣ አቤት እላለሁም ሊል ይችላል። እሱን አልከለክለውም። ሀውላ ግን ማወቅ አለባት። ቀስ ብላ እንድትናገርና ከንፈሯን እንድታሳይዎት እነግራታለሁ።

በዚህ ጥቅል ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ዲንሳ ትናንት ያወጣው ነው። በእጅዎ ዳብሰው ምን ያህል እንደቀረው ይንገሩኝ፤ እሱ «ገና ነበር» ይላል፣ እኔ ቀይረው አልኩት። ፕላስተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዚህኛው እውነት ነው።

የገና በዓልዎን ከልጆችዎ ጋር ይዋሉ። ከዚያ ዓርብ ይምጡና ዘመድዎ ዘንድ ይደሩ። ቅዳሜ ጥር 2 ጠዋት ከአበባው አጠገብ፣ ጋራዥዎ ከነበረበት በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ። እኔ ነኝ የምነዳው። በመስኮት የማወራዎት ነገር አይኖርም፤ ወርጄ፣ ፊትዎ ቆሜ እጠይቅዎታለሁ። ካልሰሙኝ አልሰማሁም ይበሉኝ።

ሰዓዲያ